በፖርቶመጋላ ላይ የተረሱ አራት ቢስክሌቶች፦ የአንድ ጉዞ የጉዳይ ጥናት

መነሻ

ይህ የጉዳይ ጥናት በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ቅዳሜ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ ስንጓዝ በአንድ የቤት መኪና ፖርቶመጋላ (ጣሪያ ላይ በሚታሠር ዕቃ መጫኛ) ላይ በጫንናቸው አራት ቢስክሌቶች ላይ የደረሰውን አደጋ ይመለከታል። ሰው አልተጎዳም። ጉዳዩን መዝግቦ ማስቀመጥ ያስፈለገው አደጋው የደረሰበት ሁኔታ ስንጠነቀቅለት ከነበረው ፈጽሞ የተለየ በመሆኑ ነው። መንገዱን ሙሉ የፈራነው ቢስክሌቶቹ በፍጥነት ስንሄድ ተፈተው አስፋልት ላይ እንዳይወድቁና ከኋላችን የሚመጣውን ሰው ለሞት እንዳይዳርጉ ነበር፤ የተሰበሩት ግን መኪናው በእግሩ ከሚሮጥ ልጅ በማይበልጥ ፍጥነት፣ በማረፊያ ሆቴላችን በር ላይ፣ ሊቆም ጥቂት ሜትሮች ሲቀሩት ነው።

ቢስክሌቶቹን ያሰርኩት፣ ብሎኖቹን ያጠበቅሁትና የጭነቱን ክብደት ያሰላሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ከዳር ቆሜ ያየሁትን አይደለም። የተጓዦቹን፣ የሆቴሉንና የመድን ድርጅቱን ስም ሆን ብዬ ትቻለሁ።

የጉዞው ዳራ

ተጓዦቹ አራት ነበርን፤ አንደኛው በሃምሳዎቹ ዕድሜ የሚገኘውና ሁላችንም ጋሼ የምንለው ባለመኪና፣ ሁለተኛዋ የባንክ ሠራተኛ የሆነች ጠንካራ ጋላቢ፣ ሦስተኛው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ አራተኛው ከመደበኛ ሥራዬ ጎን ለጎን ቢስክሌት የምጠግነው እኔ። ቅዳሜና እሑድ ማለዳ፣ መኪና ሳይበዛ፣ አብረን እንጋልባለን። በዚያ ሳምንት ያቀድነው በሐዋሳ ከተማና ወደ ወንዶ ገነት በሚወስደው መንገድ ላይ ሁለት ቀን ለመጋለብ ነበር። ሐዋሳ ሜዳ ከተማ ናት፤ ቢስክሌት እዚያ የስፖርተኛ ብቻ ሳይሆን ገበያ የሚሄድ ሰው መጓጓዣም ስለሆነ፣ ሾፌሩ ጋላቢን ማየት ለምዷል።

ቢስክሌትን ከከተማ ወደ ከተማ ማድረስ በአገራችን ሁልጊዜ አስቸጋሪ ነው። ከዚህ በፊት የሞከርነው የሕዝብ ማመላለሻ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ መጫን ነበር። እዚያ ቢስክሌቱ በጎኑ ይተኛል፣ ላዩ ላይ ሻንጣና ማዳበሪያ ይከመርበታል፣ ረዳቱም ከጎማ ካላማዳሪያ በተቆረጠ ላስቲክ ጥፍር አድርጎ ያስረዋል፤ መድረሻ ላይ ሲወርድ ቸርኬው ተጣሞ፣ የማርሽ መቀየሪያው ተሰብሮ ይገኛል። በመሆኑም የባለመኪናው ወንድም ከውጭ አገር ሲመጣ በቢስክሌት መጫኛነት የተሠራ ፖርቶመጋላ ይዞለት ሲመጣ፣ ችግራችን የተፈታ መሰለን። ዕቃው በጣሪያው ግራና ቀኝ ባሉት ዘንጎች ላይ የሚታሠሩ ሁለት አግዳሚ ብረቶችና ቢስክሌቱን በጎማዎቹ እንደቆመ የሚይዙ አራት ማቀፊያዎች ነበሩት።

ዝግጅቱ

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሰዓት የፈጀ ሥራ ሠራን። የመኪናው መጽሐፍ ጣሪያው በጉዞ ላይ የሚሸከመው ከፍተኛ ክብደት 75 ኪሎ ግራም መሆኑን ይገልጻል፤ ይህ መጠን የፖርቶመጋላውንም የራሱን ክብደት ይጨምራል። ብዙ ሰው የሚስተው ነጥብ ይህ ነው፤ ሰው የሚመዝነው ጭነቱን ብቻ ነውና። አግዳሚዎቹ 6 ኪሎ፣ አራቱ ማቀፊያዎች በድምሩ 16 ኪሎ፣ ቢስክሌቶቹ ደግሞ 9፣ 9፣ 13 እና 15 ኪሎ ነበሩ። ድምሩ 68 ሆነ። ሰባት ኪሎ ተረፈን ብዬ ደስ አለኝ።

መሪና መሪ እንዳይጋጩ ሁለቱን ቢስክሌቶች ፊታቸውን ወደፊት፣ ሁለቱን ወደኋላ አድርገን አፈራረቅናቸው። ወደፊት የዞሩት የባንክ ሠራተኛዋ የካርቦን ፋይበር ቢስክሌትና የባለመኪናው የተራራ ቢስክሌት ነበሩ፤ ወደኋላ የዞሩት የተማሪው ቀላል የአስፋልት ቢስክሌትና የእኔ አሮጌ የብረት ቢስክሌት። የውኃ ኮዳ፣ ፓምፕና መብራት፣ ነፋስ ነቅሎ ሊጥለው የሚችለውን ሁሉ፣ አወረድን። ጎማዎቹን በየማሰሪያቸው ካጠበቅን በኋላ በእያንዳንዱ ላይ ተጨማሪ የጨርቅ ቀበቶ ጨመርኩ። ከዚያ ቢስክሌቶቹን በእጄ ይዤ ወዘወዝኳቸው፤ የተወዛወዘው ቢስክሌቱ ብቻውን ሳይሆን መኪናው ጭምር ነበር። ማሰሪያ በትክክል መጥበቁ የሚታወቀው እንዲህ ነው።

ያላደረግነው አንድ ነገር ነበር። ሜትር አልያዝንም። ከፖርቶመጋላው ጋር የመጣው መመሪያ፣ መኪናው ከተጫነ በኋላ ጠቅላላ ቁመቱ ተለክቶ ሾፌሩ በሚያየው ቦታ እንዲጻፍ የሚመክር አንቀጽ ነበረው፤ አንብቤዋለሁ። ያን ጊዜ የታሰበኝ ድልድይ ብቻ ስለነበር፣ በምንሄድበት መንገድ የጭነት መኪና የሚያልፍበት ድልድይ እኛን እንደማይነካን አውቄ ገጹን ገለጥኩት።

በመንገድ ላይ

ከማለዳው 12 ሰዓት ተነስተን በአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ወጣን። ጣሪያ ላይ የቆመ ቢስክሌት በነፋስ የሚደርስበት ግፊት ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር እኩል አይጨምርም፤ በሰዓት ከ50 ወደ 100 ኪሎ ሜትር ሲኬድ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። የደጋው አየር ሳሳ ያለ መሆኑ ጥቂት ያግዛል፤ ሆኖም ጥር የነፋስ ወር ነው፤ ከጎን የሚመታው ነፋስ ደግሞ ከፊት ከሚመጣው የከፋ ነው፤ ምክንያቱም ቢስክሌት ከፊት ሲያዩት ቀጭን፣ ከጎን ሲያዩት ግን ሰፊ ነው። ፍጥነታችንን በ80 ወሰንን። ይህ ውሳኔ ትክክል ነበር፤ አሁንም አልጸጸትበትም። በነዳጅም ረገድ ልዩነቱ ግልጽ ነበር፤ በተለምዶ ለ100 ኪሎ ሜትር 9 ሊትር የሚበቃው መኪና በዚያ ቀን ወደ 12 ሊትር ፈጀ።

ከሞጆ በኋላ ወደ ደቡብ ታጥፈን ነባሩን መንገድ ያዝን። እዚህ ችግሩ ተለወጠ። ነፋሱን የተካው መንገጫገጭ ሆነ። በየከተማው መግቢያና መውጫ ብሬከር አለ፤ በእያንዳንዱ ብሬከር ላይ ጣሪያው ላይ ያለው ጭነት ከተሳፋሪው የበለጠ ይወዛወዛል። ከፊት ለፊት የሚመጣ አይሱዙ ባለፈ ቁጥር ደግሞ የገፋው አየር መኪናችንን ከጎን ይመታታል። መቂ ልንደርስ ስንል ከኋላ ወንበር በቀኝ በኩል የተቀመጠው ተማሪ፣ «ጋሼ፣ አንዴ ዳር ያዙ» አለ። ፀሐይዋ ገና በስተምሥራቅ ስለነበረች የመኪናው ጥላ፣ በላዩም የአራቱ ቢስክሌቶች ጥላ፣ በመንገዱ ቀኝ ዳር ሣሩ ላይ አብሮን እየሮጠ ነበር፤ ከአራቱ ጥላዎች አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ እንደሚንቀጠቀጥ አይቷል። ወርደን ስናይ የአንዱ የኋላ ጎማ ማሰሪያ ላልቷል፣ የፊተኛው አግዳሚ ሁለት ብሎኖችም በግማሽ ዙር ያህል ተለቀዋል። አጠበቅናቸው። አዲስ የታሠረ ፖርቶመጋላ ከመጀመሪያዎቹ አሥርት ኪሎ ሜትሮች በኋላ እንደገና መጥበቅ እንዳለበት መመሪያው ያዝዛል፤ እኛ ግን ጥላው እስኪነግረን ድረስ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ሄደን ነበር።

መቂ ላይ ለቁርስ ስንቆም ሌላ ነገር ሆነ፤ ይህንን ግን ያን ጊዜ እንደ ክስተት አልቆጠርነውም። ባለመኪናው ከምግብ ቤቱ ፊት ወዳለው የቆርቆሮ ዳስ ጥላ ሥር ሊያቆም ሲጠጋ፣ መኪና የሚጠብቅ አንድ ልጅ እጁን እያወናጨፈ «ሳይክሉ! ሳይክሉ!» ብሎ ጮኸ። መኪናው አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ። ሁላችንም ሳቅን፣ ለልጁም ጥሩ ጉርሻ ሰጠነው፣ ከዚያም ፍርፍር አዘን ስለ ብሎኖቹ አወራን። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው ጉዞውን ሊያድን ይችል የነበረው ደቂቃ ይህ ነው። አራት ትልልቅ ሰዎች፣ መኪናው ከለመድነው በላይ ረዝሞ እንደሚሄድ በዓይናችን አይተን፣ ትምህርቱን ለልጁ በሰጠነው ብር የከፈልነው ይመስል ረሳነው።

አደጋው

ሐዋሳ የደረስነው በቀኑ 6 ሰዓት ገደማ ነው። ስድስት ሰዓት ሙሉ መንገድ ላይ ነበርን፤ ሙቀቱ ከአዲስ አበባው የተለየ ነበር፣ ርቦናል፣ ባለመኪናውም ደክሞታል። ፀሐይ አናት ላይ ስለነበረች ማለዳ ከጎናችን ሲሮጥ የነበረው ጥላ መኪናው ሥር ገብቶ ጠፍቷል።

ሆቴሉ የመኪና ማቆሚያው በሕንፃው ሥር ነው። በር ላይ የጥበቃ ሠራተኛ አስቆመን፤ እንደ ደንቡ ረጅም እጀታ ያለው መስታወት ይዞ በመኪናው ሥር እየዞረ ፈተሸ፣ ሻንጣ ማስቀመጫውን ከፈተ፣ መታወቂያ አየ። ፍተሻው በአግባቡ የተደረገ ነው፤ ግን ሁሉም ወደታች ነበር። ከዚያ «ግቡ፣ ግቡ» ብሎ እጁን አወዛወዘልን። ከበሩ ወደ ውስጥ ስምንት ሜትር ያህል ገባ ብሎ፣ መውረጃው ሊጀምር ሲል፣ ግራና ቀኝ ካለው ግንብ ጋር የተበየደ አግዳሚ ብረት አለ፤ ከፍታው 2.50 ሜትር መሆኑ በጎን በኩል ባለ ትንሽ ሰሌዳ ላይ ተጽፏል። በኋላ ስንለካ የመኪናው ጣሪያ 1.70፣ የፖርቶመጋላው አግዳሚ 1.80፣ የቢስክሌቶቹ ጫፍ 2.85 ሜትር ነበር። ከደውል የጎላ፣ ከፍንዳታ ያነሰ ድምፅ ሰማን። ባለመኪናው መጀመሪያ ያለው «ጎማ ነው?» ነው።

የደረሰውን ጉዳት ለመረዳት ብረቱ ቢስክሌቶቹን የት ላይ እንደመታቸው ማየት ያስፈልጋል። የቢስክሌት ጎማ ቁመት 68 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ስለዚህ የፊት ጎማዎቹ በብረቱ ሥር ለጥቂት አልፈው፣ ብረቱ ያረፈው ወደፊት በዞሩት ሁለቱ ላይ መሪው ከፍሬሙ ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ ወደኋላ በዞሩት ላይ ደግሞ በኮርቻ ተሸካሚው ዘንግ ላይ ነው። መኪናው ከነተሳፋሪው ሁለት ሺህ ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ፍጥነቱን በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ብንለው እንኳ የተሸከመው ኃይል አንድ ኩንታል ጤፍ ከአምስት ሜትር ከፍታ ሲወድቅ ከሚኖረው ጋር እኩል ነው። ያ ኃይል ከፖርቶመጋላው ሰባ ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ስለገፋ ጭነቱ ወደኋላ እንደ ፈልቃቂ ብረት ሠራ፤ የፊተኛው አግዳሚ ከዘንጉ ተፈልቅቆ ተነሳ፣ የኋለኛው ጣሪያውን ወደታች ጫነው። ማሰሪያዎቹ አልተበጠሱም። ይህን የምጽፈው በቅሬታ ነው፤ ዓርብ ዕለት አጥብቄ ያሰርኩት ማሰሪያ ቢላላ ኖሮ ቢስክሌቶቹ ይወድቁ ነበር እንጂ የመኪናው ጣሪያ አይጎብጥም ነበር።

ወዲያው የተደረገው፣ መደረግም ያልነበረበት

ባለመኪናው ድምፁን እንደሰማ ወደኋላ ማርሽ አስገብቶ ለቀቀ። ማንም ሾፌር እጁ የሚያዘው ይህንን ነው፤ የመጣሁበት መንገድ ባዶ ነበርና ወደዚያው ልመለስ ይላል። ጭነቱ ግን አሁን እንደ ቅድሙ አልነበረም። ፖርቶመጋላው ወደኋላ ሲጋደል በፊት በኩል ያሉት የቢስክሌቶቹ ጎማዎች ተነስተው ከብረቱ ወዲያ ማዶ ከፍ ብለው ነበር፤ መኪናው ወደኋላ ሲሄድ ጎማዎቹ ብረቱን ከውስጥ በኩል ያዙት። ሁለተኛው ጉተታ የፊተኛውን አግዳሚ ፈጽሞ ነቀለው፣ የፊት መስታወቱንም ሰነጠቀ። በእኔ ግምት ከጠቅላላው ጉዳት ግማሽ ያህሉ የመጣው ከመጀመሪያው ግጭት ሳይሆን ከዚህ ሁለተኛ እንቅስቃሴ ነው።

ከዚያ በኋላ የሠራነው ደህና ነበር። ሞተሩ ጠፋ፣ የእጅ ፍሬን ተያዘ፣ ሁላችንም ወረድን። የጥበቃ ሠራተኛው ከኋላችን የቆሙትን መኪኖች አስመለሰ። ምንም ከመንካታችን በፊት ተማሪው ከአራት አቅጣጫ ፎቶ አነሳ፤ ሰሌዳውን፣ ብረቱንና በብረቱ ላይ የቀረውን ቀለም ጭምር። ሁለት ሰው ቢስክሌቶቹን ደግፎ ይዞ፣ አንዱ ማሰሪያዎቹን ከኋላ ወደፊት እየፈታ፣ አንድ በአንድ አወረድናቸው። መኪናው የተንቀሳቀሰው ጣሪያው ባዶ ከሆነ በኋላ ነው። ሃያ ደቂቃ ፈጀ፤ መጀመሪያውኑ ይህ ሃያ ደቂቃ ቢሰጥ የፊት መስታወቱ ይተርፍ ነበር።

ከሆቴሉ ጋር የተነሳው ክርክር ረጅም አልነበረም። ሥራ አስኪያጁ የከፍታ ሰሌዳውን አሳየን። እኛ ደግሞ ሰሌዳው በጎን ግንብ ላይ ስለሆነ መውረጃው ላይ ዓይኑን የተከለ ሾፌር እንደማያየው ነገርነው። ብረቱ ላይ ጭረት ብቻ ስለነበር ካሣ አልጠየቁም፣ እኛም አልጠየቅንም።

ጉዳቱ፣ ጥገናውና ወጪው

የመኪናው ጣሪያ በሁለት ቦታ ጎድጉዷል፣ የግራው ዘንግ ተነቅሏል፣ የፊት መስታወት ተሰንጥቋል። ባለመኪናው ሁላችንም ካለን የግዴታ የሦስተኛ ወገን መድን በተጨማሪ ሙሉ የመድን ሽፋን ነበረው። የግዴታው መድን፣ ስሙ እንደሚያመለክተው፣ ለሌላ ሰው ለሚደርስ ጉዳት የቆመ ስለሆነ እዚህ አልጠቀመም። ሙሉ ሽፋኑ የትራፊክ ፖሊስ ማስረጃ ከቀረበ በኋላ የጣሪያውንና የመስታወቱን ወጪ፣ ባለንብረቱ ራሱ የሚሸፍነው ድርሻ ተቀንሶ፣ ከፈለ። ቢስክሌቶቹንና ፖርቶመጋላውን ግን ውሉ የመኪናው አካል አድርጎ ስለማይቆጥራቸው አልከፈለም። ማስረጃውን ያገኘነው እዚያው ሐዋሳ ሳለን ፖሊስ ጠርተን በመሆኑ ነው፤ አዲስ አበባ ተመልሰን ብንጠይቅ ኖሮ አደጋው የት እንደደረሰ ማስረዳት ባልቻልንም።

የባትላሜራው ሠራተኛ ጣሪያውን በሁለት ሳምንት አስተካከለው። የእሱ ሥራ ከፖርቶመጋላው ዋጋ ከእጥፍ በላይ ወጣበት፤ ምክንያቱም ጣሪያ እንደ በር ወይም እንደ ፓራፋንጎ ተፈትቶ የሚቀየር አካል አይደለም፣ የውስጥ ጨርቁም መውረድ ነበረበት። ተነቅሎ የተጣመመውን አግዳሚ አቃንቶ ዳግም ለመጠቀም አንድ ሙከራ አድርገን ነበር። አልተሳካም፣ ባይሳካም ጥሩ ነው፤ አንዴ የታጠፈ አሉሚኒየም ሲቃና ሊሰነጠቅ ይችላልና።

ከቢስክሌቶቹ የእኔ የብረት ቢስክሌት በቀላሉ ተረፈ፤ የኮርቻው ዘንግ ተጣምሞ ነበር፣ ተቀየረ። የተማሪውም ኮርቻና ዘንግ ብቻ ነው። የተራራው ቢስክሌት መሪ ተቀየረ፣ የፊት ሹካው ተፈትሾ ደህና ሆኖ ተገኘ። የካርቦኑ ግን ብዙ አነጋገረን። ከላይ ሲታይ ቀለሙ ላይ ከፀጉር የቀጠነ መስመር ብቻ ነው ያለው። ብረት ሲጎዳ ይጎብጣል፣ ጎብጦም ይታያል፤ ካርቦን ፋይበር ግን ድርብርብ ጨርቅ በሙጫ የደረቀ ነው፣ ድርቦቹ ከውስጥ ተላቀው ላዩ ጤነኛ ሊመስል ይችላል። ጤነኛ የሆነውን ቦታ በሳንቲም ጠርዝ ስንመታ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ፤ በመስመሩ ዙሪያ ስንመታ የታፈነ ድምፅ ወጣ። ባለቤቷ በሙጫ አስጠግና ለከተማ ውስጥ ልትጠቀምበት ፈለገች። እኔ መሪው የሚያርፍበት ቦታ ቁልቁለት ላይ ቢለቅ ፊቷን አስፋልት ላይ እንደሚጥላት ነግሬ ተቃወምኩ። ሳንቲም የመምታት ፈተና ጉዳት መኖሩን ሊያሳይ ይችላል እንጂ አለመኖሩን አያረጋግጥም፤ እዚህ ግን ጉዳቱን አሳይቷል። በመጨረሻ ፍሬሙ ተጣለ፣ ጎማዎቹና ማርሾቹ ወደ ሌላ ፍሬም ተዛወሩ።

ወጪውን እንዴት እንደምንካፈል መወሰን ከጥገናው ይልቅ ከብዶን ነበር። ባለመኪናው «ተዉት፣ እኔ ነኝ የነዳሁት» አለ። የባንክ ሠራተኛዋ ዝም አለች፤ ከሁሉም የበለጠ ያጣችው እሷ ነበረች፣ ዝምታዋም ከጥያቄ የከበደ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቡና ይዘን ተቀመጥንና መድን ያልከፈለውን ሁሉ በአራት እኩል ከፈልነው። ተማሪው እንዳቅሙ በየወሩ ከፈለ። ጉዞ ከመነሳቱ በፊት ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ብንነጋገርበት ኖሮ ያ ሁለት ሳምንት አይኖርም ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሞከርናቸው መፍትሔዎች

መጀመሪያ ያደረግነው የመኪናውን ጠቅላላ ቁመት በትልቅ ጽሑፍ ጽፈን ዳሽቦርዱ ላይ መለጠፍ ነው። በመጀመሪያው ጉዞ ሠራ። በሦስተኛው ጉዞ ግን ወረቀቱ ከዳሽቦርዱ ጋር ተመሳስሎ ማንም አያየውም ነበር፤ ዓይን ዘወትር የሚያየውን ነገር ማየት ይተዋል። አሁንም ወረቀቱ አለ፣ ግን አንተማመንበትም።

የሠራው ነገር የሰውን አካል የሚያንቀሳቅሰው ነው። ጣሪያ ላይ ቢስክሌት ካለ፣ ከአውራ ጎዳናው ወጥቶ ወደ ማንኛውም ግቢ፣ በር፣ ጥላ ወይም ማቆሚያ ከመግባት በፊት መኪናው ይቆማል፤ ከፊት ወንበር የተቀመጠው ሰው ወርዶ በእግሩ ይቀድማል፣ ወደላይም ያያል። ሾፌሩ ራሱ ቢያስታውስም ባያስታውስም ሕጉ አይለወጥም። በዚህ መንገድ ከገመትነው በላይ ብዙ እንቅፋት አግኝተናል፤ የግቢ በር አናት ላይ ያለ የብረት ቅስት፣ በየሰፈሩ መግቢያ ዝቅ ብሎ የተዘረጋ የስልክና የመብራት ሽቦ፣ ጎንበስ ያለ የግራር ቅርንጫፍ፣ የመኪና ማጠቢያ ዳስ። ከእነዚህ አብዛኞቹ ሰሌዳ የላቸውም። በጣም የሚያሰጋው ደግሞ የራስ ቤት በር ነው፤ እንግዳ ቦታ ሲገባ ሰው ይጠነቀቃል፣ ወደ ገዛ ግቢው ሲገባ ግን እጁ በልማድ ይነዳል።

በመኪናው ኋላ የሚንጠለጠል መጫኛም ተውሰን ሞክረን ነበር። የከፍታውን ችግር ሙሉ በሙሉ ያስወግዳል፣ ነዳጅም ይቆጥባል። ነገር ግን ታርጋውንና የኋላ መብራቶቹን ይሸፍናል፤ በሁለተኛው ቀን የትራፊክ ፖሊስ አስቁሞን ታርጋው አይነበብም ብሎ መለሰን፣ ትክክልም ነበር። ከኋላ ለሚነዳው ሰው የፍሬን መብራት አለመታየቱ ከማንኛውም ቅጣት ይከፋል። ተውነው።

ለሁለት ቢስክሌት ከሁሉም የተሻለው የኋላውን ወንበር አጥፎ፣ ሁለቱንም ጎማዎች ፈትቶ፣ ፍሬሙን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ መኪናው ውስጥ ማስተኛት ሆኖ ተገኝቷል። የካቴናው ቅባት መቀመጫ ስለሚያበላሽ ካቴናው በጨርቅ ይሸፈናል፤ መንገድ ላይ ሲቆምም ዕቃው ለሌባ ዓይን አይጋለጥም። ለአራት ቢስክሌት ግን መኪናው ስለማይበቃ፣ ፒክአፕ ተከራይተን ከኋላ በፍራሽ መካከል አቁመን እናስራለን። ከሐዋሳም ቢስክሌቶቹን የመለስናቸው በዚሁ መንገድ ነበር፤ በዚያ እሑድ የተከራየነው ፒክአፕ ባለቤት ለፍራሹ ለብቻው አስከፍሎናል።

በሌላ መኪና ላይ ሊሠራ የሚችል

ጣሪያ ላይ መጫን የግድ ለሆነበት ሰው ከዚህ ጉዳይ የምናካፍለው ጥቂት ነው። ክብደቱን ሲያሰላ የፖርቶመጋላውን ይጨምር። ከተጫነ በኋላ መሬት ላይ ቆሞ ከፍተኛውን ጫፍ በሜትር ይለካ፣ ቁጥሩንም ከሾፌሩ ሌላ አንድ ሰው በቃሉ ይያዝ። ከ30 ወይም ከ50 ኪሎ ሜትር በኋላ ቆሞ ብሎኑን ሁሉ በቁልፍ ይንካ፤ ከዚያ በኋላም ነዳጅ በቀዳ ቁጥር ይድገመው። ፀሐይ ከጎን ባለችበት ሰዓት ጥላውን ይመልከት፤ ከመስታወት ይልቅ ጥላ ብዙ ይናገራል። ከላይ አንድ ነገር ሲነካ ደግሞ፣ ምንም ያህል ከኋላ ጥሩንባ ቢነፋበት፣ ወደኋላ ማርሽ አያስገባ፤ ሞተሩን አጥፍቶ ይውረድና ጭነቱ አሁን ምን ላይ እንደተያዘ ይይ።

አንድ ነገር እስካሁን አልተስማማንበትም። ባለመኪናው አዲስ ፖርቶመጋላ መግዛት ይፈልጋል፤ የጣሪያው ቀለም ከተቀባ ወዲህ ግን ባለቤቱ አልፈቀዱም። ተማሪው ደግሞ ዕቃው ቢገዛ ቢስክሌቶቹ በጎናቸው የሚተኙበት ዝቅተኛ ዓይነት ይሁን ይላል። እኔ በጎን የተኛ ቢስክሌት አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ምን እንደሚሆን አይቻለሁና በዚህ አልስማማም፤ ለሚቀጥለው ጉዞም ፒክአፑን ቀድሜ ይዣለሁ።